ኒያችንና ቪዛችን አንድ ይሁኑ

 

ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ የምረቃ ጊዜ በተቃረበ ቁጥር በግቢያችን የጉዞ ወሬ ይበዛል። በዶርም፣ በካፌ ሰልፍ ላይ፣ አንዳንዴም ከዒሻ ሰላት በኋላ በመስጂድ በር ላይ የሚሰማው ተመሳሳይ ነው፦ «ፕሮሰስ ጀምሬያለሁ»፣ «ቪዛው የቱሪስት ነው፤ ከገባህ በኋላ ወደ ሥራ ይቀየራል»፣ «ለዑምራ ገብተህ ሐጅን እዚያው ትጠብቃለህ»፣ «ለጉብኝት ነው በልና እለፍ፤ ማን ያጣራል?»። ዛሬ ልንነጋገር የወደድነው ስለ እነዚህ አባባሎች ነው።

ጉዞን አንቃወምም። ዒልም ፍለጋ አገር ያቋረጡ ዑለማዎች ታሪካችንን ሞልተውታል። ሐጅ ራሱ ጉዞ ነው። ሐላል ሪዝቅ ፍለጋ መውጣትም፣ የአላህን ምድር ዞሮ ማየትም የተፈቀደ ነው። የእኛ አቋም በአጭሩ ይህ ነው፦ በቪዛ ማመልከቻው ላይ «የጉዞው ዓላማ» በሚለው ቦታ የምንጽፈውና በልባችን የያዝነው ኒያ አንድ መሆን አለባቸው። ሁለቱ ሲለያዩ መጀመሪያ የሚጎዳው ተጓዡ ራሱ ነው። ቀጥሎ ቤተሰቡ ይጎዳል። ከዚያም በእውነተኛ ምክንያት ሊጓዝ ከኋላው የተሰለፈው ወንድሙ ይጎዳል።

ቪዛ የቃል ውል ነው

ብዙዎቻችን ቪዛን የምናየው እንደ በር ቁልፍ ነው፤ «ተመታ» ወይም «አልተመታም» እንላለን። በሕግ ዓይን ግን ቪዛ በዓላማና በጊዜ የተገደበ ፈቃድ ነው። የቱሪስት ቪዛ ለመጎብኘት፣ ዘመድ ለመጠየቅ ወይም ለአጭር ቆይታ የሚሰጥ ነው። ሥራ፣ ትምህርትና ሐጅ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቪዛ አላቸው። ቪዛ ስላለንም መግባታችን የተረጋገጠ አይደለም፤ የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ያለው የድንበር መኮንን ነው። እሱም ዓላማችንን፣ ማረፊያችንን፣ የመመለሻ ቲኬታችንንና የያዝነውን ገንዘብ ሊጠይቅ መብት አለው።

ስለዚህ ቅጹን ሞልተን ስንፈርም ለአንድ አገር ቃል እየሰጠን ነው፤ «ለዚህ ነው የምመጣው፣ ይህን ያህል ቀን ነው የምቆየው፣ ከዚያ እመለሳለሁ» እያልን። ቃል ኪዳን መሙላት በሱረቱል ማኢዳህ የመጀመሪያ አንቀጽ ላይ ምእመናን የታዘዙበት ጉዳይ ነው። ውል የገባንለት ወገን ሙስሊም ይሁን አይሁን ትእዛዙ አይለወጥም።

ስለ ኒያም እናስተውል። ኢማም አል-ቡኻሪ ሶሒሓቸውን የከፈቱት ሥራ ሁሉ በኒያ እንደሚመዘን በሚናገረው ሐዲስ ነው። ያ ሐዲስ ለኒያ ምሳሌ አድርጎ ያነሣው ደግሞ ጉዞን ነው፤ ሂጅራን። አንድ መንገድ አብረው የሚሄዱ ሁለት ሰዎች በልባቸው የያዙት ከተለያየ ዋጋቸውም እንደሚለያይ ያስተምረናል። ለሙስሊም ተማሪ ታዲያ «የጉዞው ዓላማ» የሚለው ጥያቄ ባዕድ ሊሆንበት አይገባም። ከእያንዳንዱ ዒባዳ በፊት ራሱን የሚጠይቀው ይህንኑ ነውና።

ሐጅን በጉብኝት ቪዛ

በጣም በሚቀርበን እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ2024 (1445 ዓ.ሂ.) የሐጅ ወቅት በመካ ሙቀቱ 51.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ነበር። የሳዑዲ ዓረቢያ መንግሥት በዚያ ሐጅ 1,301 ሰዎች መሞታቸውን አስታወቀ። ከመቶ 83ቱ የሐጅ ፈቃድ ያልነበራቸው እንደሆኑም ገለጸ። አላህ ይዘንላቸው።

ፈቃድ ያለው ሑጃጅ በሚና የሚያርፍበት ድንኳን፣ ከቦታ ወደ ቦታ የሚያደርሰው አውቶቡስ፣ የሚመራው ቡድንና ስሙን የሚያውቅ ሐላፊ አለው። ፈቃድ የሌለው ግን ፍተሻን እየሸሸ ረጅም መንገድ በእግሩ ይሄዳል። ጥላ ሲያጣ የሚጠይቀው የለም፤ ሲደክመው እርዳታ ለመጥራት ይፈራል፤ ከወደቀም ማን እንደሆነ ለማወቅ ቀናት ይፈጃል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በጉብኝት ቪዛ የገቡ እንደነበሩ ከዚያ በኋላ የተወሰዱት እርምጃዎች ያሳያሉ። ለምሳሌ ግብፅ ሰዎችን ለሐጅ በማይሆን ቪዛ ልከዋል ያለቻቸውን የ16 የጉዞ ድርጅቶች ፈቃድ ሰርዛለች። ከእነዚያ ምስኪኖች ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን የቆጠቡትን ገንዘብ ለደላላ የከፈሉ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ነበሩ።

የሳዑዲ ዓረቢያ የታላላቅ ዑለማዎች ምክር ቤት ከዚያ ሐጅ አስቀድሞ፣ በሚያዝያ ወር፣ ያለ ፈቃድ ወደ ሐጅ መሄድ እንደማይቻልና ይህን የሚያደርግ ሰው ኃጢአት እንዳለበት አስታውቆ ነበር። ያለ ፈቃድ የተደረገ ሐጅ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚለውን ጥያቄ ለዑለማዎቻችን እንተወው። እኛ የምንለው ግልጽ ነው። ሐጅ ግዴታ የሆነው ለቻለ ሰው ነው። በእኛ ዘመን ፈቃድ ማግኘትም ከመቻል ጋር አብሮ የሚታይ ነው። ያልቻለን ሰው አላህ አልጠየቀውም። ያልተጠየቅነውን ለመፈጸም የተጠየቅነውን ቃል ማፍረስ፣ ነፍሳችንንም ለአደጋ ማጋለጥ ከየት የመጣ ነው?

ከ2024 በኋላ ሕጉ ይበልጥ ጠብቋል። ለ2025 ሐጅ በወጣው ደንብ ያለ ፈቃድ ሐጅ ሲያደርግ ወይም ሊያደርግ ሲሞክር የተገኘ ሰው እስከ 20,000 ሪያል ይቀጣል። ለዚያ ሰው የጉብኝት ቪዛ ያስወጣለት ወይም ያስጠለለው እስከ 100,000 ሪያል ሊቀጣ ይችላል። የመቆያ ጊዜውን አሳልፎ ይህን ሲያደርግ የተያዘ ደግሞ ዲፖርት ይደረጋል፤ ለ10 ዓመትም ወደ መንግሥቱ አይገባም። አስቡት፤ ሐጅን በአቋራጭ ለማድረግ የሞከረ ወጣት የአላህን ቤት ለ10 ዓመት ከማየት ራሱን ሊያግድ ነው። ዑምራን በተመለከተ ግን በሩ ሰፊ ነው፤ በቱሪስት ቪዛም ቢሆን በሕግ የተፈቀደ ሲሆን ቀጠሮ የሚያዘው ኑሱክ በተባለው የመንግሥት መተግበሪያ ነው። የሐጅ ጉዞ ከአገራችን የሚስተናገደው ደግሞ በኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት (መጅሊስ) በኩል ነው። ወረፋው ይረዝም ይሆናል፤ ግን ሐላል ወረፋ ነው።

ሥራን በቱሪስት ቪዛ

ሁለተኛው የዶርም ወሬ ስለ ሥራ ነው። ዱባይን እንውሰድ። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በጉብኝት ቪዛ መሥራት ክልክል ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በተሻሻለው ሕግ ያለ ሥራ ፈቃድ ሰው የሚያሠራ ቀጣሪ ከ100,000 እስከ 1 ሚሊዮን ድርሃም ይቀጣል። የቪዛ ጊዜውን ያሳለፈ ሰው ደግሞ በየቀኑ 50 ድርሃም ይቆጠርበታል። ሒሳቡን እናስላው፤ ሁለት ወር ያሳለፈ ሰው 3,000 ድርሃም ዕዳ አለበት ማለት ነው። ሥራ ሳያገኝ ወይም አግኝቶ ደመወዙ ቢከለከል አቤት የሚልበት ውል የለውም። ቀጣሪውም ይህን ስለሚያውቅ «ሂድና ክሰሰኝ» ለማለት ይደፍራል። የቱሪስት ቪዛ ያለው ሠራተኛ ርካሽ የሆነው ለዚህ ነው፤ መብት የሌለው ጉልበት ርካሽ ነው።

ከዚህ የከፋም አለ። ባለፉት ዓመታት ኮምፒውተርና እንግሊዝኛ የሚችሉ ወጣቶች «በታይላንድ የቢሮ ሥራ አለ» እየተባሉ በጎብኚነት እንዲገቡ ተደርጓል። ከዚያ የሞይ ወንዝን ተሻግረው ማያንማር ውስጥ ማያዋዲ አካባቢ ወደሚገኙ የተዘጉ ግቢዎች ተወስደዋል። ሥራው በኢንተርኔት ሰው ማጭበርበር ነበር። ፓስፖርታቸው ተነጥቆ፣ ዒላማቸውን ካልመቱ እየተደበደቡ ይሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ከእነዚህ ቦታዎች ወጥተው ለታይላንድ ከተሰጡት 260 ያህል ሰዎች ውስጥ ከግማሽ በላይ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ይህን ስንጽፍ የምናስበው ሩቅ ያሉ ሰዎችን አይደለም። ኮምፒውተርና እንግሊዝኛ የሚችል፣ ተመርቆ ሥራ ያላገኘ፣ ቤተሰቡን ሊረዳ የሚጓጓ ወጣት ማለት ከእኛ አጠገብ ተሰልፎ የሚሰግደው ነው።

የእነዚህ ታሪኮች መነሻ አንድ ነው። ደላላው የሥራ ጉዞን በጉብኝት ስም ሲያዘጋጅ የሚደብቀን ከኤምባሲው ብቻ አይደለም፤ ከራሳችን አገር ሕግ ጥበቃም ያወጣናል። በአገራችን የውጭ አገር የሥራ ስምሪት በአዋጅ ይመራል። ስምሪቱ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሥር ይካሄዳል፤ ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ፣ የተመዘገበ የሥራ ውል፣ ኢንሹራንስ ይጠይቃል። ይህ ሁሉ ያንገፈግፍ ይሆናል። ነገር ግን ችግር ሲመጣ ስማችን የሚገኝበት መዝገብ እሱ ነው። «ቱሪስት» ሆኖ የወጣ ሰው ስም በዚያ መዝገብ ላይ የለም።

ገንዘቡ የማን እንደሆነም አንርሳ። አንድ ወጣት ሲወጣ እናት ወርቋን ትሸጣለች፣ አባት ከዘመድ ይበደራል፣ ታላቅ እህት ዕቁቧን ቀድማ ትወስዳለች። ልጁ በሦስተኛው ሳምንት ዲፖርት ተደርጎ ሲመለስ ዕዳው አብሮ አይመለስም። በዲናችን ዕዳ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያሻንም።

«ሕጉ ራሱ ፍትሐዊ አይደለም» ለሚሉን

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ክርክር ይነሣል፤ በቀላሉ ልናልፈውም አንሻም። «የአውሮፓ ወጣት በቀላሉ ቦሌ ይገባል። እኛ ግን የባንክ ወረቀት፣ የቤተሰብ ማስረጃ፣ የጣት አሻራ፣ ቃለ መጠይቅ ቀርቦልን መጨረሻ ላይ እንከለከላለን። ይህን ሕግ ማክበር ያለብን ለምንድን ነው?» ይላሉ ወንድሞቻችን።

ቅሬታው እውነት አለው። የአሜሪካ ሕግ የቱሪስት ቪዛ ጠያቂን ሁሉ ሊቀር እንዳሰበ ሰው አድርጎ ይጀምራል፤ እንደማይቀር ማስረዳት የጠያቂው ሸክም ነው። የሸንገን አገሮች የቪዛ ክፍያ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2024 ጀምሮ ከ80 ወደ 90 ዩሮ ከፍ ብሏል፤ ቪዛው ቢከለከልም ገንዘቡ አይመለስም። በተማሪ አቅም ይህ የብዙ ወር ወጪ ነው። በሚያዝያ 2024 ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኢትዮጵያውያን ላይ ልዩ እርምጃ ወስዷል። የማመልከቻ ጊዜው ከ15 ወደ 45 ቀን ረዝሟል፤ ለተደጋጋሚ መግቢያ የሚሆን ቪዛም ቀርቷል። ምክንያት ያደረገው ያለ ፈቃድ የቀሩ ዜጎችን በመመለስ ረገድ በቂ ትብብር የለም የሚል ነው። አንድም ቀን ሕግ ያልጣሰች፣ ለኮንፈረንስ የተጋበዘች እህታችን በሌሎች ምክንያት 45 ቀን ትጠብቃለች። ይህ በጅምላ መቅጣት ነው ብንል አላጋነንም። መንግሥታት ሊነጋገሩበት፣ እኛም ልንናገረው የሚገባ ነገር ነው።

ነገር ግን ይኸው እርምጃ ሌላም ነገር ያሳየናል። በጎብኚነት ስም ገብቶ የቀረ ሰው በሩን የዘጋው ለራሱ ብቻ አይደለም። ከኋላው የሚመጣው ተማሪ፣ ታካሚ፣ ልጁን ሊጠይቅ የሚሄድ አባት ሁሉ በእሱ ሥራ ይመዘናል። የውሸት ማስረጃ በበዛ ቁጥር እውነተኛው ማስረጃ ይጠረጠራል።

ፍትሐዊ ያልሆነ ውል ሲያጋጥም ምን ይደረጋል የሚለውንም ከሲራ መማር እንችላለን። በ6ኛው ዓመተ ሂጅራ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከ1,400 ያህል ሰሓቦች ጋር ኢሕራም አድርገው፣ የመሥዋዕት እንስሶቻቸውን ነድተው ለዑምራ ወጡ። ቁረይሾች ሑደይቢያ ላይ አስቆሟቸው። የተደረሰው ስምምነት ለሙስሊሞቹ መራራ ነበር። በዚያ ዓመት ሳይገቡ ይመለሳሉ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሰይፋቸውን በአፎቱ አድርገው ገብተው ሦስት ቀን ብቻ ይቆያሉ። ዑመር (ረ.ዐ.) እንኳ እንዴት ይህን እንቀበላለን ብለው ጠይቀው ነበር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ውሉን ተቀብለው ተመለሱ።

በተከታዩ ዓመት በተባለው ቀን መጡ፤ ዑምራቸውን አደረጉ፤ ሦስት ቀን ቆዩ። የሲራ ጸሐፊዎች እንደሚዘግቡት በእነዚያ ቀናት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መይሙናን (ረ.ዐ.) አግብተው ነበር። ጊዜው ሲያበቃ ቁረይሾች «ውጡልን» አሉ። የሠርጉን ድግስ በመካ አድርገው ቁረይሾችም እንዲበሉ ጋበዟቸው፤ እምቢ ተባሉ። ተነሥተው ወጡ፤ ድግሱም ከመካ ውጭ ሰሪፍ በተባለ ቦታ ተደረገ። ከአላህ ቤት የበለጠ የመቆየት መብት ያለው ማን ነበር? የትውልድ ከተማቸው ናት፤ ያባረሯቸውም እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ሆኖም የሦስት ቀን ቃል የሦስት ቀን ቃል ነው። የተሰጠንን ቀን ለማሳለፍ ምክንያት ስንደረድር ይህን ታሪክ እናስታውስ።

በቃለ መጠይቅ ፊት እውነት ስለ መናገርም የእኛው ምድር ታሪክ አለው። ወደ ሐበሻ የተሰደዱት ሰሓቦች በነጃሺ ፊት ሲቆሙ ከቁረይሽ የመጡት መልእክተኞች ስጦታ ይዘው እንዲመለሱላቸው ይወተውቱ ነበር። በሁለተኛው ቀን ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ.) ምን እንደሚሉ ሊጠየቁ መሆኑን ሰሙ። ክርስቲያን ንጉሥ ፊት ነው የሚቆሙት፤ መልሱ ካላማረ ተላልፈው ሊሰጡ ይችላሉ። ተመካክረው የሚያምኑበትን ሊናገሩ ወሰኑ፤ የሆነው ይሁን ብለው። ጃዕፈር (ረ.ዐ.) ያንኑ ተናገረ፤ ነጃሺም ጥገኝነቱን አጸናላቸው።

አንድ ነገር እንለይ። ከሞት፣ ከእስር፣ ከጦርነት የሚሸሽ ሰው ቱሪስት አይደለም። የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት አደጋ ካለበት አገር በቀጥታ የመጣና ራሱን ወዲያው ለባለሥልጣናት ያቀረበ ስደተኛ ያለ ፈቃድ በመግባቱ እንዳይቀጣ ይከለክላል። የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮችም ጥገኝነት የጠየቁት በግልጽ ነበር። የእኛ ንግግር ሥራ ፈልጎ ወይም ለመቅረት አስቦ «ልጎበኝ ነው» ስለሚል ሰው ነው።

ከመክፈላችን በፊት

ምክር ብቻ ሰጥተን እንዳንሄድ በተግባር የሚጠቅሙ ነጥቦችን እናስቀምጥ።

አንደኛ፣ ለደላላ አንድ ብር ከመክፈላችን በፊት ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ። የቪዛው ዓይነት ምንድን ነው? በዚያ ቪዛ እኔ ላደርገው ያሰብኩት ነገር ይፈቀዳል? መልሱን ያገኘሁት ከኤምባሲው ነው ወይስ ከደላላው አፍ? «ቪዛው መቶ በመቶ እርግጥ ነው» የሚል ሰው ሲያጋጥመን እንሽሽ። ቪዛ የሚሰጠው መንግሥት እንጂ ደላላ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ቪዛው ሲሰጠን እናንብበው። ቪዛው የሚያገለግልበት ጊዜና የመቆያ ጊዜ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሦስት ወር የሚያገለግል ቪዛ ሠላሳ ቀን ብቻ ሊያስቆይ ይችላል። ስንት ጊዜ እንደሚያስገባም እንይ። ለምሳሌ ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ14 አገሮች ዜጎች የጉብኝት ቪዛን ለአንድ መግቢያና ለ30 ቀን ብቻ አድርጋው ነበር። በሸንገን አገሮች ደግሞ የአጭር ጊዜ ጎብኚ በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ መቆየት አይችልም፤ ቪዛው ላይ የተጻፈው ቀን ከዚያ ካነሰ የሚሠራው የተጻፈው ነው። «ማን ያጣራል?» ለሚሉም፣ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2025 ጀምሮ የሸንገን ድንበሮች ማኅተሙን በጣት አሻራና በፊት ምስል መዝገብ ደረጃ በደረጃ መተካት ጀምረዋል። ቀኑን የሚቆጥረው ኮምፒውተር ነው።

ሦስተኛ፣ ፓስፖርታችንን እንፈትሽ። ብዙ አገሮች ቢያንስ ስድስት ወር የቀረው ፓስፖርት ይጠይቃሉ። ሸንገን ባለፉት 10 ዓመታት የተሰጠ፣ ከመመለሻ ቀን በኋላ ሦስት ወር የሚቀረውና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው ይፈልጋል። ትኬት ከተቆረጠ በኋላ ፓስፖርት ለማሳደስ ኢሚግሬሽን መሰለፍ ገንዘብም ጊዜም ያስከፍላል።

አራተኛ፣ የጤና ካርድ። ከአገራችን ለሚነሣ መንገደኛ ብዙ አገሮች የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠይቃሉ። ካርዱ የሚያገለግለው ከተከተብን ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ግን ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ለሐጅና ለዑምራ ደግሞ የማጅራት ገትር ክትባት ግዴታ ነው፤ እሱም ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። በመጨረሻው ሳምንት የሚደረግ ሩጫ አያዋጣም።

አምስተኛ፣ ማስረጃችን እውነተኛ ይሁን። ተማሪ ሆነን የሀብታም ነጋዴ ባንክ ስቴትመንት አይጠበቅብንም። ከሬጅስትራር የተማሪነት ማረጋገጫ ደብዳቤ፣ ወጪውን የሚሸፍነው ወላጅ ወይም ጋባዥ የሰጠው ማስረጃ፣ እውነተኛ ግብዣ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ ለሸንገን ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ፤ እነዚህ በቂ ሊሆኑ ይችላሉ። ለሳምንት ብቻ ተበድሮ አካውንት ውስጥ የገባ ገንዘብ ግን ይታወቃል፤ ጥርጣሬም ይጨምራል። የተጭበረበረ ወረቀት ደግሞ ከአንድ ክልከላ አልፎ ለዓመታት በመዝገብ ይከተለናል።

ስድስተኛ፣ ብንከለከል አንዋሽ። የሸንገን አገሮች ቪዛ ሲከለክሉ ምክንያቱን በጽሑፍ የመስጠት ግዴታ አለባቸው፤ ጠያቂውም ይግባኝ የማለት መብት አለው። ምክንያቱን አንብበን የጎደለውን እናሟላ ወይም ይግባኝ እንበል። በሁለተኛው ማመልከቻ ላይ የተለየ ታሪክ መፍጠር በሩን ጨርሶ ይዘጋል።

ሰባተኛ፣ ከሄድን በኋላ ዓላማችን ቢለወጥ የአገሩ ሕግ እዚያው መቀየር ይፈቅድ እንደሆነ የሚመለከተውን ክፍል እንጠይቅ። ካልፈቀደ ተመልሰን በትክክለኛው ቪዛ እንሂድ። ቀኑ ከማለቁ በፊት የተመለሰ ሰው ነገ በኩራት ይመለሳል።

ለጀመዓችን

የመጨረሻው ቃላችን ለራሳችን ለጀመዓው ነው። የተሳካለትን ሰው ፎቶ እየተቀባበልን እናደንቃለን፤ ዲፖርት ተደርጎ የተመለሰውን ግን በዝምታ እናልፋለን። እሱም ያፍራል፤ ያየውን አይናገርም። በእሱ ዝምታ ምክንያት ቀጣዩ ተማሪ ለዚያው ደላላ ይከፍላል። የተመለሰ ወንድም ወይም እህት ሲያጋጥመን «ለምን ቀናህ ተባልክ?» ዓይነት ንግግር ትተን በክብር እንቀበል፤ ሊናገር ከወደደ እናዳምጥ። የእሱ ታሪክ ከእኛ ጽሑፍ ይበልጥ ያስተምራል።

ሲኒየሮች ደግሞ ከእኛ አንድ አማና አለባችሁ። ታናናሾቻችሁ ቅጽ ሲሞሉ አጠገባቸው ተቀመጡ፤ እንግሊዝኛው የከበደውን አንብቡለት፤ ያልገባውን ሳያውቅ እንዳይፈርም አድርጉ። ለኮንፈረንስ፣ ለነፃ ትምህርት ዕድል ወይም ለዑምራ ሄዳችሁ የተመለሳችሁም የሄዳችሁበትን መንገድና ያቀረባችሁትን ማስረጃ ለሌሎች አካፍሉ። በእውነት አመልክቶ በእውነት የተመለሰ አንድ ተማሪ ከኋላው ለሚመጡት ጥሩ ስም ይተዋል።

ሪዝቅ በአላህ እጅ ነው፤ በደላላ እጅ አይደለም። ለእያንዳንዳችን የተጻፈልንን በውሸት ቅጽ አናበዛውም፤ በእውነት ቃልም አይቀንስብንም። አላህ (ሱ.ወ.) በሄድንበት ሁሉ ቃላችንን የምንሞላ ያድርገን፤ በሰው አገር የታሰሩትን፣ የተንገላቱትን በሰላም ወደ ቤተሰቦቻቸው ይመልስልን፤ ለናፈቅነው ሐጅም በሐላል ገንዘብና በሐላል መንገድ ያድርሰን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።